ሃይብሪድ ፒክአፕ ይዞ ነዳጅ መቆጠብ፦ ቁጠባው ከየት ይመጣል?

አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ መስታወቱ ላይ የነዳጅ ፍጆታውን የሚናገር ወረቀት ይለጠፋል። በተለመደው የቤንዚን መኪና ወረቀት ላይ የከተማው ቁጥር ከአውራ ጎዳናው ያነሰ ነው፤ በየመብራቱ እየቆመ የሚነሳ መኪና ነዳጅ ይበላልና። የ2022 ሞዴሉ ፎርድ ማቭሪክ ሃይብሪድ ፒክአፕ፣ ማለትም የቤንዚንና የኤሌክትሪክ ሞተር አጣምሮ የሚሠራው፣ ወረቀቱ ግን የተገለበጠ ነው፦ በከተማ በጋሎን 42 ማይል፣ በአውራ ጎዳና 33፣ በአማካይ 37። በሊትር ለሚያስብ ሰው ለ100 ኪሎ ሜትር በከተማ 5.6፣ በአውራ ጎዳና 7.1 ሊትር ገደማ ማለት ነው።

ቁጥሩ ለምን እንደተገለበጠ የገባው ሰው የሃይብሪድ አነዳድን ግማሹን ተምሯል። ቀሪው ልምምድ ነው።

ማቭሪክን ለምሳሌ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ሲተዋወቅ በአሜሪካ ገበያ ሙሉ ሃይብሪድነትን በመነሻ ዋጋው ውስጥ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ፒክአፕ ነበር፤ ማጓጓዣ ሳይጨመር ዋጋው ከ20 ሺህ ዶላር በ5 ዶላር ያንስ ነበር። በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ከቶዮታው ሃይብሪድ ከፕሪየስ ጋር ከተዋወቁ ብዙ ዓመት ስለሆናቸው፣ ከዚህ በታች ከሚነገረው ብዙው ለእነሱ እንግዳ አይሆንም። ፒክአፕ ግን ከፍ ያለ፣ ግንባሩ የሰፋና ጭነት የሚሸከም ነው፤ በሒሳቡ ላይ የራሱን ነገር ይጨምራል።

ኃይሉ በሙሉ ከቤንዚን ነው

ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ነገር ይህ ነው፦ ሶኬት ላይ የማይሰካ ሃይብሪድ የሚጠቀምበት ኃይል በሙሉ፣ ኤሌክትሪኩም ጭምር፣ የመጣው ከነዳጅ ሰልባቲዮው ነው። «በኤሌክትሪክ ሄድኩ» የሚል ሹፌር የሄደው ቀደም ብሎ በተቃጠለ ቤንዚን ነው።

ባትሪው ደግሞ ትንሽ ነው። የማቭሪክ ባትሪ 1.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ወደ 8.9 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል አለ፤ ስለዚህ ሙሉ ባትሪ የያዘው የአንድ ሊትር ቤንዚን አንድ ስምንተኛ ያህል ነው። ሞተሩ ከቤንዚኑ ግማሹን እንኳ ወደ ሥራ ስለማይለውጠው ንጽጽሩ ለባትሪው ትንሽ ይሻሻላል፤ ቢሻሻልም ሩቅ የሚያስኬድ ስንቅ አይሆንም። ባትሪው ጎተራ አይደለም፤ የዕለት ገንዘብ የሚገባበትና የሚወጣበት ኪስ ነው።

ታዲያ ቁጠባው ከየት ይመጣል? ከሁለት ቦታ። አንደኛው ሳይጠቅም ይባክን የነበረውን ኃይል መልሶ መያዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው የቤንዚን ሞተሩን በማይመቸው ሰዓት ማጥፋት ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ከአንዱ የሚመዘዝ ነው።

ኮፈኑ ሲከፈት የሚገኘው 2.5 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር፣ ጎማዎቹን የሚያዞር የኤሌክትሪክ ሞተርና አንድ ጀነሬተር ነው። ሦስቱን የሚያገናኛቸው ትንንሽ ጥርሶች በአንድ መካከለኛ ጥርስ ዙሪያ የሚዞሩበት የጥርሳጥርስ ስብስብ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1997 በጃፓን ለገበያ ያቀረበው ፕሪየስም በዚሁ ዓይነት አሠራር ነበር የመጣው። ፍሪሲዮን የለም፤ ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት የሚቀያየር ማርሽም የለም። ኮምፒውተሩ የጀነሬተሩን ዙር ከፍና ዝቅ በማድረግ ብቻ የቤንዚን ሞተሩን በሚስማማው ዙር ላይ ያቆየዋል። አዲስ ገዢዎች «ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው ግን በጩኸቱ ልክ አይፈጥንም» ብለው የሚደነግጡት በዚህ ምክንያት ነው። ብልሽት አይደለም፤ ጋራዥ መሄድም አያስፈልግም።

የቤንዚን ሞተሩ የሚሠራው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጄምስ አትኪንሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባፈለቀው ሐሳብ ነው። በዛሬው አተገባበሩ አየር የሚያስገባው ቫልቭ ዘግይቶ ይዘጋል። ፒስተኑ የሚጨምቀው አየር ያንሳል፤ የተቃጠለው ጋዝ ፒስተኑን የሚገፋበት ርቀት ግን ሙሉ ነው። ከእያንዳንዷ ጠብታ የበለጠ ሥራ ይወጣል። በምትኩ የሚከፈለው ጉልበት ነው፤ እንዲህ ያለ ሞተር በተለይ ከቆመበት ሲነሳ ደካማ ነው። ድክመቱን የኤሌክትሪክ ሞተሩ ይሸፍናል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ገና መዞር ሲጀምር ጉልበቱ ሙሉ ነውና። ሁለቱ ተባብረው 191 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ። ብዙ ሰው ቁጠባውን ሁሉ ለባትሪው ይሰጠዋል። እኔ ግን ለዚህ ደካማ ሞተርም ድርሻውን መስጠት ተገቢ ይመስለኛል፤ ባትሪው ባይኖር ማንም አምራች ለፒክአፕ አይመርጠውም ነበር።

ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ከሚሰጠው ሥራ አንጻር አብዝቶ የሚያባክነው ቀላል ሥራ ሲይዝ ነው፦ መብራት ላይ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ፣ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ሲንፏቀቅ። ሃይብሪዱ በእነዚህ ጊዜያት ሞተሩን ያጠፋዋል። የከተማው 42 ግማሽ መልስ ይህ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው ፍሬኑ ላይ ነው።

ፍሬን

የሚሮጥ መኪና ጉልበት ተሸክሟል። ማቭሪኩ ከነሹፌሩ 1,750 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል እንበል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የተሸከመው ጉልበት 0.07 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። በ100 ሲሄድ 0.19 ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሳይሞላ ጉልበቱ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። በተለመደው መኪና ፍሬን ሲያዝ ይህ ሁሉ የፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በሃይብሪዱ ግን ጎማው በተራው የኤሌክትሪክ ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩም ጀነሬተር ሆኖ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ይገባል።

ይህ መንገድ ግን ጠባብ ነው። ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተነስቶ በ4 ሰከንድ ውስጥ የቆመ መኪና ጉልበቱን የሚለቀው በአማካይ በ60 ኪሎ ዋት ነው፤ ይህን የሚያህል ትንሽ ባትሪ ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ መቀበል አይችልም። የተረፈውን የፍሬን ሸራው ይወስደዋል። ያው መኪና በ12 ሰከንድ ተረጋግቶ ቢቆም 20 ኪሎ ዋት ብቻ ነው፤ ይህን ባትሪው ያለ ችግር ይቀበላል። መኪናውም ፍጥነቱም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የእግር ክብደት ብቻ ነው። ስለዚህ የሃይብሪድ ፍሬን የሚያዘው ቀደም ብሎ፣ በቀስታና ረዘም ተደርጎ ነው። የፍሬን ሸራው ዕድሜ መርዘሙ በነጻ የሚገኝ ምርቃት ነው።

መኪናው ራሱ ያስተምራል። ማቭሪክ በቆመ ቁጥር ከፍሬኑ ጉልበት ስንት በመቶው እንደተያዘ ዳሽቦርዱ ላይ ያሳያል። 60 በመቶ፣ 85፣ ከዚያ 100 እያሉ መሄድ እንደ ጨዋታ ይጥማል፤ ለመማሪያም ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። ይሁን እንጂ ቁጥሩን ከልክ በላይ ማመን አይገባም። መቶ በመቶ ማለት የፍሬን ሸራው ምንም አልወሰደም ማለት ነው እንጂ የተያዘው ሁሉ ተመልሶ ጎማ ያዞራል ማለት አይደለም። ከጎማ ወደ ጀነሬተር፣ ከጀነሬተር ወደ ባትሪ፣ ከባትሪ ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር፣ ከሞተሩ እንደገና ወደ ጎማ፤ በእያንዳንዱ ቅብብሎሽ የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙ የሃይብሪድ ባለቤቶች ይስቱታል። በጥሩ ሁኔታ ፍሬን ከያዘ ሹፌር ይልቅ ፍሬን መያዝ ያላስፈለገው ሹፌር ይበልጣል። ቀይ መብራት ከሩቅ ሲታይ እግርን ከነዳጅ ማንሳት፣ እየተንሸራተቱ መቅረብ፣ አረንጓዴ ሲሆን ገና በመንቀሳቀስ ላይ ሆኖ መድረስ፤ የያዙትን ፍጥነት እንደያዙ መቆየት ኤሌክትሪክ አድርጎ ከማስቀመጥና መልሶ ከማውጣት ሁልጊዜ ይረክሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከፊት ካለው መኪና በቂ ርቀት መጠበቅና ዓይንን ራቅ አድርጎ መጣል ነው። የኋላ መብራቱን ብቻ እያየ የሚከተል ሰው የሚነዳው በሌላው ሰው እግር ነው።

ከድሮ መኪና የመጣ አንድ ልማድ ግን መተው አለበት፤ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ነጻ አድርጎ መልቀቅ። በሃይብሪድ ማርሽ መምረጫው «ኤን» ላይ ሲሆን ጉልበት መሰብሰቡ ይቆማል፤ ፍሬን ቢይዙ የሚሠራው የፍሬን ሸራው ብቻ ይሆናል። ለመቆጠብ ብለው የሚያደርጉት ማባከኛ ሆኖ ያርፋል።

አነሳስ

ስለ አነሳስ ሁለት ጎራ አለ። አንደኛው ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ምልክት እያየ በጣም በዝግታ ይነሳል፤ ምልክቱ እንዳይጠፋ ብሎ ከኋላው ሰልፍ ያስይዛል። ባትሪው ይወርዳል። ከዚያ የቤንዚን ሞተሩ ይነሳና መኪናውን እየገፋ ባትሪውንም ይሞላል። በኤሌክትሪክ የተሄደው ያ መንገድ አሁን በቤንዚን እየተከፈለ ነው፤ ከነቅብብሎሹ ኪሳራ።

እኔ ከሁለተኛው ጎራ ነኝ፤ ሞተሩ መሥራት ካለበት ደህና ሥራ ይሰጠው። ከሌሎች መኪናዎች እኩል፣ ሳይጣደፉና ሳይንቀራፈፉ ተነስቶ የሚፈለገው ፍጥነት ላይ መድረስ፤ ከዚያ እግርን ጥቂት ላላ ማድረግ። ላላ ሲል ኮምፒውተሩ የሚጠየቀው ኃይል ትንሽ መሆኑን ያያል፤ ብዙ ጊዜም የቤንዚን ሞተሩን አጥፍቶ ፍጥነቱን በባትሪ ይጠብቃል። ይህ ጥቂት ላላ የማድረግ ልማድ በሜዳማ የከተማ መንገድ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያዋጣ ነው። ሞተሩ መቼ ይጥፋ፣ መቼ ይነሳ የሚለውን ለኮምፒውተሩ መተው ይሻላል፤ የሙቀቱን፣ የባትሪውንና የጭነቱን ልክ እሱ ያያል፣ ሹፌሩ አያይም።

አሜሪካ ውስጥ ሃይፐርማይሊንግ የሚባለውን፣ ውድድር የሚመስል የነዳጅ ቁጠባ የሚያደርጉ አሉ፤ ጥቂት አፍጥኖ መንሸራተት፣ እንደገና አፍጥኖ መንሸራተት። በሃይብሪድ ይሠራል። ነገር ግን ከኋላ ያለውን ሰው በየደቂቃው ፍሬን ማስያዝ ነውር ነው። የአየር ግፊት ለመሸሽ ብሎ ከትልቅ የጭነት መኪና ጀርባ መጠጋት ደግሞ በሕይወት መቀለድ ነው፤ የትኛውም ጋሎን ያን ያህል አያወጣም።

አውራ ጎዳናው

በከተማ የረዱት ሁለቱ ነገሮች አውራ ጎዳና ላይ ሥራ ያጣሉ። ፍሬን ስለማይያዝ መልሶ የሚሰበሰብ ጉልበት የለም፤ ሞተሩም ያለማቋረጥ ስለሚፈለግ የሚጠፋበት ዕድል ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ዋናው ባላጋራ አየር ነው። አየሩን እየገፉ ለመሄድ በእያንዳንዱ ማይል የሚወጣው ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይጨምራል። ከ60 ማይል ወደ 75 ማይል መጨመር ፍጥነቱን በአንድ አራተኛ ከፍ ሲያደርግ፣ ለአየሩ የሚከፈለውን በ56 በመቶ ከፍ ያደርገዋል። ፒክአፕ ቁመቱም ግንባሩም ከትንሽ መኪና ስለሚበልጥ የሚከፍለው ገና ከመነሻው ብዙ ነው።

«33 ተብሎልኝ 28 አገኘሁ» የሚል ቅሬታ በዚህ ነው የሚመጣው። የወረቀቱን ቁጥሮች የሚያወጣው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የአውራ ጎዳና ቁጥሩን ለማግኘት የሚጠቀምበት ዋና ሙከራ አማካይ ፍጥነቱ 48 ማይል ገደማ ነው፤ ውጤቱ ለእውነተኛው መንገድ እንዲቀርብ በኋላ ቢስተካከልም፣ በ75 እና በ80 ለሚነዳ ሰው የተሰጠ ተስፋ አይደለም። አውራ ጎዳና ላይ ስለ ባትሪው፣ ስለ ኤሌክትሪክ ምልክቱ፣ ስለ ፍሬኑ መጨነቅ አያስፈልግም። ቀኝ መስመር ይዞ ሕጉ የፈቀደውን 65 መንዳት ከሁሉም ዘዴ ይበልጣል። መንገዱ ሜዳ ከሆነ ክሩዝ ኮንትሮል ይረዳል። ዳገት ከበዛበት ግን ክሩዝ ኮንትሮሉ ፍጥነቱን አላስነካም ብሎ ሞተሩን ያስጮኸዋል፤ በእግር እየነዱ ዳገቱ ላይ ጥቂት ማይል መልቀቅና ቁልቁለቱ ላይ መመለስ ይሻላል።

ስለ ፒክአፕ የኋላ መዝጊያ የቆየ እምነት አለ፤ አውርደው ሲነዱ አየር እንደልቡ ያልፋል፣ ነዳጅም ይቆጠባል የሚል። የሚሆነው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። መዝጊያው ተዘግቶ ሲነዳ ከካቢኑ ጀርባ የሚወርደው አየር የጭነቱ ሳጥን ውስጥ ተሽከርክሮ ይቀመጣል፤ ከላይ የሚመጣው አየርም በእሱ ላይ አልፎ ይሄዳል። መዝጊያው ሲወርድ ሽክርክሪቱ ይፈርሳል። ይልቅ የሚጎዳው ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ነው፤ ፖርቶመጋላ፣ መሰላል፣ የዕቃ ሳጥን። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው ትልቅ የጣሪያ ሳጥን ከ65 እስከ 75 ማይል ፍጥነት ላይ በአንድ ጋሎን የሚኬደውን ርቀት ከ10 እስከ 25 በመቶ ይቀንሳል። ፒክአፕ ይዞ ጣሪያ ላይ መጫን ለማንም አይገባም፤ የኋላው ሳጥን የተሠራው ለዚሁ ነው፤ ከካቢኑ ቁመት በታች የተጫነ ዕቃ ከአየሩ ተጠልሎ ይሄዳል።

ቁልቁለት

በኮሎራዶ በዴንቨርና በአውሮራ ለሚኖሩ ብዙ ወገኖች ቁልቁለት የየሳምንቱ ጉዳይ ነው። ኢንተርስቴት 70 በአይዘንሃወር ዋሻ በኩል ሲያልፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ዴንቨር ያለችው 1,600 ላይ ነው። ያ 1,750 ኪሎ ግራም የሚመዝን ማቭሪክ 1,800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 8.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። ከዚህ ብዙውን አየሩና ጎማው ይወስዱታል፤ የተረፈው እንኳ 1.1 ብቻ ለሚይዝ ባትሪ ብዙ ነው። መንገዱ ሳይጋመስ ባትሪው ይሞላል።

ከሞላ በኋላ ምን ይሆናል? መቀበያ ስለሌለ ጉልበት መሰብሰቡ ይቆማል። መኪናው የቤንዚን ሞተሩን ያለ ነዳጅ እያዞረ ራሱን ይይዛል፤ ድምፁ ከፍ ይላል፤ የማያውቅ ሰው ነዳጅ እየፈጀ ይመስለዋል። ሹፌሩ በዚህ ጊዜ ፍሬን ላይ ብቻ ከተማመነ የፍሬን ሸራው ይግላል። የአባይን በረሃ በጭነት መኪና የወረደ ሰው ቁልቁለት በማርሽ እንደሚያዝ ማንም አያስተምረውም፤ እዚህ ያንን ሥራ የሚሠራው «ኤል» የተባለው ምርጫ ነው። እግር ከነዳጅ ሲነሳ መኪናውን ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ ባትሪው ቦታ ካለው ይሞላል፣ ከሌለው በሞተሩ ይይዛል። «ኤል» ተጨማሪ ኃይል ከየትም አያመጣም፤ ሜዳ ላይ ፍሬኑን በቀስታ የሚረግጥ ሰው ከ«ዲ» ሳይወጣ ያንኑ ያህል ይሰበስባል። ቦታው ረጅም ቁልቁለት ነው።

ብርድ፣ ጭነት፣ ጎማ

በሴንት ፖልና በሚኒያፖሊስ ያሉ አንባቢዎች ክረምት ላይ መኪናቸው የተበላሸ ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም። የኢነርጂ ሚኒስቴሩ እንደሚለው ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ብርድ፣ አጭር የከተማ ጉዞ ላይ የተለመደ መኪና ከ25 ዲግሪው ጋር ሲነጻጸር በአንድ ጋሎን ከሚሄደው ርቀት 15 በመቶ ገደማ ያጣል። ሃይብሪድ ከ30 እስከ 34 በመቶ ያጣል። ለምን ይብሳል? ሃይብሪድ የሚቆጥበው ሞተሩን በማጥፋት ስለሆነና ብርድ ማጥፋቱን ስለሚከለክለው ነው። ሞተሩና የጭስ ማጽጃው እስኪሞቁ ድረስ ኮምፒውተሩ ሞተሩን አያጠፋም። ካቢኑን የሚያሞቀው ሙቀት የሚመጣውም ከሞተሩ ውኃ ነው፤ ማሞቂያውን ከፍ ባደረጉ ቁጥር ሞተሩ ለእርስዎ ሲል ይሠራል። መቀመጫ ማሞቂያ ካለው እሱን ማስቀደምና የካቢኑን ዝቅ ማድረግ ይጠቅማል። ቆሞ ማሞቅም አያዋጣም፤ በዝግታ እየሄደ የሚሞቅ ሞተር ቢያንስ መንገድ ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ግን ጉዳዮችን በአንድ ጉዞ ማያያዝ ነው፤ ልጆቹን ማድረስ፣ ገበያው፣ ፖስታ ቤቱ በየተራ ከቀዘቀዘ ሞተር ከተጀመሩ እያንዳንዳቸው የማሞቂያ ነዳጅ ይከፍላሉ።

ጭነት ሲጨመር ዳገትና አነሳስ ይከብዳሉ፤ ማቭሪኩ እስከ 680 ኪሎ ግራም ይጭናል፣ ተጭኖም ከፍሬኑ ላይ የሚሰበሰበው በዚያው ልክ ያድጋል። የማይፈለግ ዕቃ ግን ለወራት ይዞ መዞር ትርጉም የለውም።

የጎማ ንፋስ በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተጻፈው ልክ ነው። የአራቱም ጎማ ንፋስ በአንድ ፒኤስአይ ሲቀንስ የሚጠፋው 0.2 በመቶ ብቻ ቢሆንም፣ ክረምት ሲገባ ሳይታይ ብዙ ይወርዳል። ከዚህ ይልቅ የሚጎዳው ለመልክ ብሎ ወፍራምና ጥርሳም ጎማ ማስገጠም ነው።

ሃይብሪድ ሁሉ አንድ አይደለም

እስካሁን የተባለው ለማቭሪክና ለመሰሎቹ ነው። የፎርድ ኤፍ-150 ፓወርቡስት ሃይብሪድ 430 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩ 47 ብቻ ሆኖ በትልቁ ሞተርና ባለ አሥር ፍጥነት ካምቢዮው መካከል የተቀመጠ ነው። የ2021ዱ ባለ ሁለት ጎማ ነጂ በአማካይ በጋሎን 25 ማይል ይላል። ቶዮታ ቱንድራ አይ-ፎርስ ማክስ 437 የፈረስ ጉልበት ይዞ 22 ላይ ነው። በእነዚህ ኤሌክትሪኩ በዋናነት የገባው ለጉልበት ነው፤ ፍሬኑንና ርቀት ጠብቆ መንዳቱን በተመለከተ የተባለው ይሠራል፤ ከማቭሪክ ጋር የሚስተካከል ቁጥር ግን መጠበቅ አይገባም። በአውሮፓ የሚሸጠው ባለ 48 ቮልት ሃይሉክስ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፤ ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር የዲዝሉን ሞተር ያግዛል እንጂ ብቻውን መኪናውን አይነዳም። ሻጩ «ሃይብሪድ ነው» ሲል የትኛው ዓይነት እንደሆነ መጠየቅ ገንዘብ ያድናል።

ስንት ነው የሚያድነው?

በጋሎን ማይል የሚለው መለኪያ አሳሳች ነው። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ላሪክና ጃክ ሶል እ.ኤ.አ. በ2008 ሰዎች ይህን ቁጥር በተሳሳተ መንገድ እንደሚያነቡት አሳይተዋል። በዓመት 12,000 ማይል የሚነዳ ሰው እናስብ። በጋሎን 15 ማይል ከሚሄድ አሮጌ ፒክአፕ ወደ 20 ቢሸጋገር 200 ጋሎን ያድናል። ማቭሪክ ይዞ በአነዳድ ብቻ ከ37 ወደ 45 ቢያደርስ ግን የሚያድነው 58 ጋሎን ገደማ ነው፤ ስምንት ማይል የጨመረው ሰው አምስት ማይል ከጨመረው በእጅጉ ያነሰ አዳነ። 58 ጋሎን ትንሽ አይደለም። ግን 45 ላይ የደረሰ ሰው 48ን ፍለጋ በብርድ ማሞቂያ አጥፍቶ ቤተሰቡን ቢያንቀጠቅጥ የሚያተርፈው ከ17 ጋሎን አይበልጥም። ቤት ውስጥ ሁለት መኪና ካለ ደግሞ ትልቁ ትርፍ ሃይብሪዱን ማስተካከል ሳይሆን ብዙውን ጉዞ ከአሮጌው ወደ ሃይብሪዱ ማዛወር ነው።

ለውጡን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ዳሽቦርዱን ብቻ ማመን የለበትም፤ የሚያሳየው ግምት ነው። ሰልባቲዮው ሞልቶ መቅጃው ራሱ ሲቆም ማቆም፣ የማይል ቆጣሪውን ዜሮ ማድረግ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በተቻለ መጠን በዚያው ማደያ እስኪቆም መሙላት፣ ከዚያ የተሄደውን ማይል በተቀዳው ጋሎን ማካፈል። አንዱ ሙሊት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ መቅጃው አንዳንዴ ቀድሞ አንዳንዴ ዘግይቶ ስለሚቆም የተከታታይ ሙሊቶችን ማይልና ጋሎን ደምሮ ማካፈል ይሻላል። የበጋውን ከበጋ፣ የክረምቱን ከክረምት ጋር ማወዳደርም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ብርዱ የወሰደውን እግርዎ የወሰደው ይመስልዎታል።